በኤሊስዋ ቲቸር ስም

ቫርኪ ዘይት የነካ እጁን በሳሎኑ መጋረጃ ጠረገና፣ «ፖተን ቼታ፣ ወንድም ጋሼ፣ ኧረ አንተም ትንሽ ቅመስ!» አለ።

መጋረጃው የሟቿ ነው። ጨርቁን አማርጣ የገዛችው፣ ጠርዙን ቁጭ ብላ በእጇ የሰፋችው እሷ ናት። ፖተን ቢጫውን የጣት ምልክት አየና ፊቱን ወደ ግቢው አዞረ። ሚስቱን ኤሊስዋን ቀብሮ ከተመለሰ ገና ሰዓት አልሞላውም። የነጭ ሽርጡ ጫፍ ላይ የመቃብሩ ጭቃ አልደረቀም።

ግቢው ሰው በሰው ላይ ሆኗል። ከቀብር መልስ እንደ ወጉ የሩዝ ሙቅና የማሾ ወጥ ይታደላል፤ የሚታደለው ግን በነጭ የፎም ሳህን ነው። ለቀስተኛው ይበላል፣ ሳህኑን ባለበት ይጥላል፤ ሌላው መጥቶ ይረግጠዋል፤ የተረፈው ሙቅ ተጨፍልቆ በሰው እግር ጣቶች መሀል ይወጣል። ዝንቡ ከየት እንደጎረፈ እንጃ፣ አገር ምድሩን አጥቁሮታል። ከቤቱ ጀርባ ደግሞ የቫርኪ አሳላፊዎች ሳህኑን በቅርጫት እየሰበሰቡ ቦዩ ውስጥ ይገለብጡታል። ፎም ውሃ ላይ ሲወድቅ ድምፅ የለውም። ፖተን የሚሰማው የአሳላፊዎቹን ሳቅ ነው።

«ቫርኪ፣ የቤተ ክርስቲያኑ የብረት ሳህኖች የት ሄዱ?» አለ።

«እነሱማ ተቆልፎባቸዋል ቼታ። በሐዘን ቀን ማን ያጥባል ብለህ ነው? ደግሞ አንተ ስለ ሳህን ምን አስጨነቀህ! እኛ አለንልህ።» የፖተንን ጉልበት መታ መታ አደረገው። እጁ ወፍራም፣ እርጥብ፣ ሽቶ ሽቶ የሚል ነበር።

ቫርኪ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ነው። በዚያ ላይ የሠርግ፣ የክርስትናና የቀብር ምግብ አቅራቢ እሱው ነው። በእነሱ መንደር «ሰው ሲመጣም ሲሄድም የቫርኪን ሩዝ ሳይበላ አያልፍም» ይባላል።

በሩ ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የፕላስቲክ ባነር ተሰቅሏል። የኤሊስዋ ፎቶ ነው። አታሚዎቹ ጉንጯን ሮዝ አድርገው፣ ሽበቷን አጥቁረው፣ ከማታውቀው የአበባ መስክ መሀል አቁመዋታል። ከሥሩ «ሐዘናችን ጥልቅ ነው» ይልና ከሐዘኑ ቀጥሎ የጉባኤው አባላት ፎቶ ተደርድሯል። የቫርኪ ይበልጣል።

በረንዳው ሥር የተቀመጡት ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«ይሄን ባነር ብታይ እኮ ከሳጥኗ ተነስታ ነው የምትቀደው።»

«ኧረ ዝም በይ፣ ዛሬ እንኳ ትረፍ!»

«ነፍሷን ይማረውና ምላሷ ምላጭ ነበር። ለልጄ ክርስትና የፕላስቲክ ብርጭቆ ባመጣሁ፣ ‹ልጁን በጸበል፣ ወንዙን በቆሻሻ ታጠምቂያለሽ› ብላ በሰው ፊት አዋረደችኝ።»

የሳሪያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ፖተን ሰምቷል። የከፋው ሳቁ አይደለም፤ ኤሊስዋ በሕይወት ብትኖር እሷም በሳቀች ነበር። የከፋው ያቺው ሴትዮ ሳቋን ስትጨርስ ሳህኗን ከወንበሩ ሥር በእግሯ ገፋ አድርጋ መደበቋ ነው።

ኤሊስዋ ከጥንትም እንዲህ አልነበረችም። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሳለች የምትቆጣው ጸጉሩን ያላበጠረ ተማሪ ላይ ነበር እንጂ ስለ ቦይ አንስታ አታውቅም። ነገሩ የተጀመረው ጡረታ በወጣች በዓመቱ፣ ከደብሩ ክብረ በዓል ቀጥሎ ባለው እሑድ ነው።

ቅዳሴው አልቆ ሰዉ ደረጃው ላይ ቆሞ ሲያወጋ፣ ኮቹራኒ የምትባል ከግድቡ ዳር የምትኖር የሩዝ ማሳ ሠራተኛ ጆንያ እየጎተተች መጣች። ማንንም ሳትጠይቅ ጆንያውን ደረጃው ላይ ዘረገፈችው። የፎም ሳህን ነው፤ የበዓሉ የከብት ሥጋ ወጥ ተጣብቆበት አረንጓዴ አውጥቷል፣ ትሉ ይርመሰመሳል። ሽታው ሰዉን እንደ ዱላ ወደ ኋላ መለሰው። ያን ጊዜ የነበሩት ቄስ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ዘለሉ።

«አንቺ ሴትዮ!» አለች ኤሊስዋ በዳይሬክተር ድምጿ። «ይሄ የእግዚአብሔር ቤት ነው!»

«አውቃለሁ ቲቸር። ዕቃችሁን ልመልስ ነው የመጣሁት። በዓሉ እናንተ ዘንድ ነበር፣ ትራፊው እኔ ቤት ገባ። ይሄን አልጋዬ ሥር ነው የለቀምኩት።»

ኤሊስዋ በንዴት ጎንበስ ብላ አንዱን ሳህን አነሳች፤ ጆንያው ውስጥ መልሳ ልትከት ነበር። ትሎቹ ከሳህኑ ወደ አምባሯ ተሻገሩ። አልጣለችውም። ጠጋ አድርጋ አየችው። ቤቷ ገብታ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ ደግማ ታጠበች፣ ምሳም አልበላች።

«ፖቴ፣ እኔም በልቼበታለሁ» አለችው። «ሩዝ ጨምሩልኝ እያልኩ የበላሁበት ሳህን ነው።»

ከዚያ ወዲህ ነው ሰበካውን መያዣ መጨበጫ ያሳጣችው። ቤተሰብ ሁሉ ከቤቱ የብረት ሳህን አዋጥቶ የደብሩ ቁምሳጥን ሞላ። የሴቶች ማኅበር በበዓልና በቀብር ቀን ተራ ገብቶ ያጥብ ጀመር፤ ማጠቢያው ዙሪያ የሚወራው ሐሜት ከበዓሉ ይልቅ ይጣፍጥ ነበር። ባነር ከግቢው ተከለከለ። የመቃብር ጉንጉን ከኮኮናት ቅጠልና ከእውነተኛ አበባ እንዲሆን ተወሰነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣቶቹ በቀርከሃ እንጨት እምቦጩን ከቦዩ እየጎተቱ ያወጡና አድርቀው ለካሳቫው ማዳበሪያ ያደርጉታል። ዝናብ ባቆመበት ወራት ውሃው ጠራ። ሰዎች ከቅዳሴ ሲወጡ ድልድዩ ላይ ቆመው ዓሣ ያዩ ነበር፤ ልጅነታቸው የተመለሰ እየመሰላቸው።

ግን ሰው ጽድቅም ይሰለቸዋል። ሳህን አጣቢዎቹ ሁሌ የማይለወጡ ሴቶች ሆኑ፣ ተማረሩ። የቁምሳጥኑ ቁልፍ ጠፋ ተባለ። አንድ ሠርግ ላይ «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ ፎሙ ተመለሰና «ለዛሬ ብቻ» የየሳምንቱ ሆነ። ኤሊስዋ ብቻዋን ቀረች። በር ላይ ቆማ የሰው ዘንቢል ስትፈትሽ «የሰበካው ፖሊስ» አሏት። ሲያዩዋት ፌስታላቸውን ከጀርባቸው ይደብቁ ነበር፤ ስታልፍ ይጥሉታል።

በማግስቱም ለቀስተኛው አልተቋረጠም። ጥቁር ቡና በወረቀት ኩባያ ይዞራል፤ ኩባያው ውስጥ ሲጋራ ይጠፋል፤ ምራቅም ይተፋበታል። ፖተን በረንዳው ላይ ተቀምጦ «ያጽናህ» ላለው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። እህል አልወርድ ብሎታል። ጎረቤት ያመጣው ሁሉ አፍንጫው ሥር ሲደርስ የሆስፒታሉ ሽታ ይመጣበታል።

ከሰዓት በኋላ ቫርኪ ከጉባኤው ሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጣ። ከኩዌት ለቀብር የመጣችው የፖተን ልጅ ሊሲ ወንበር አቀረበችላቸው። ሊሲ ነርስ ናት። ሌሊቱን ስታለቅስ አድራ ዐይኗ አብጧል።

«እንግዲህ ቼታ» አለ ቫርኪ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ቲቸር ለዚህ ደብር እንዴት እንደለፋች እግዜርም ሰውም ያውቃል። ዝም ብለን ልናልፋት አይገባም። አዳራሽ ልንሠራላት ነው። ‹የኤሊስዋ ቲቸር መታሰቢያ አዳራሽ›!»

«ስሟ በእብነ በረድ ይጻፋል» አለ አንደኛው ሽማግሌ።

ሊሲ አፏን በመዳፏ ያዘች። ለእረፍት በመጣች ቁጥር «የቆሻሻዋ ቲቸር ልጅ» እያሉ ያሾፉባት ሰዎች ናቸው አሁን ስለ እብነ በረድ የሚያወሩት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «አፓ፣ ሰማህ?» አለች አባቷን።

«የት ነው የሚሠራው?» አለ ፖተን።

«አሃ፣ የመጣነውስ ለእሱ አይደል! ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከአባቷ የወረሰችው ያ መሬት አለ አይደል? አሁን የአንተ ነው። በእሷ ስም ለደብሩ ብትለግሰው…»

«እዚያ ላይ እኮ ቦዩ ነው ያለው።»

«ምን ቦይ አለ ቼታ! የሞተ ቦይ። በቀይ አፈር ሞልተን፣ ደልድለን፣ መኪና ማቆሚያም ይወጣዋል።»

«የግድቡ ዳር ሰዎች ውሃ በየት ሊወጣ ነው?»

ቫርኪ ትከሻውን ነቀነቀ። «እግዜር አለ፣ መንግሥት አለ። ደሞ እነሱ ውሃ ለምደዋል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ፣ ለስለስ አደረገ። «በሰባተኛ ቀኗ ጸሎት ላይ ከቅዳሴ በኋላ ቃልህን ለምእመኑ ታሰማለህ። ነፍሷ እንዴት እንደምትደሰት!»

ኤሊስዋ በሕይወት ሳለች ይኸው ሰው ያንን መሬት ለምኗት ነበር። «ሬሳዬን ተራምዳችሁ» ነበር ያለችው። ይኸው እየተራመዱ ነው፤ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ።

«ላስብበት» አለ ፖተን።

ሽማግሌዎቹ በደስታ ተነሱ። የፖተን «ላስብበት» እሺ ማለት እንደሆነ አገር ያውቃል። ዕድሜውን የሕዝብ ጀልባ ሲነዳ ለዘገየ ተሳፋሪ ሁሉ ሲቆም የኖረ፣ «አይሆንም» የምትለዋን ቃል ለሚስቱ ትቶ የተዳረ ሰው ነው። ቫርኪ ሲወጣ የቡናውን ኩባያ ከአበባው ሥር ወሸቀው።

ኤሊስዋን ለሞት ያበቃት ነገር የጀመረው በዚያው ክረምት መጨረሻ፣ የጀልባው ውድድር የሚደረግበት ቅዳሜ ነበር። መንደርተኛው ግማሹ ከተማ ወርዷል፣ ግማሹ ቴሌቪዥን ላይ ተተክሏል። ዝናቡ ያለ ማቋረጥ ይወርዳል። ኮቹራኒ ጸጉሯ ከፊቷ ተጣብቆ ደጃፋቸው ላይ ቆመች።

«ቲቸር፣ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ቦዩ የሚያልፍበት ቱቦ ተደፍኖ ውሃው ቤታችን ገባ። የአማቴ አልጋ ተንሳፍፏል፤ አሮጊቷን ጠረጴዛ ላይ አውጥቻት ነው የመጣሁት።»

ኤሊስዋ ቫርኪ ጋር ደወለች። ከበሮና ጩኸት ብቻ ተሰማት። ሌሎቹ ጋር ደወለች፤ አንዱ «ሰኞ»፣ ሌላው «ከውድድሩ በኋላ» አሏት። ሳሪዋን ጉልበቷ ላይ አሰረችና ወጣች። ፖተን መንሽ ይዞ ተከተላት።

ሁለቱ ሴቶች እስከ ደረታቸው ገቡ። ፖተን ዳር ቆሞ የሚያቀብሉትን በመንሽ እየወጋ ያወጣል። የወጣውን ዛሬም ሲያስበው ጥርሱን ይነክሳል። የፎም ሳህን በክምር፣ የሕፃን ዳይፐር ውሃ ጠጥቶ እንደ ጡት ያበጠ፣ በፌስታል የታሰረ የዶሮ አንጀት፣ የበዓሉ ሰልፍ የፕላስቲክ ጉንጉን፣ ሆዱ የፈነዳ አይጥ። ኮቹራኒ ፊቷን አዙራ ታስመልሳለች፣ አፏን ጠርጋ ትመለሳለች። ኤሊስዋ የምትሳደበውን ስድብ ፖተን ከዚያ በፊት ከአፏ ሰምቶት አያውቅም። በመጨረሻ እጇን እስከ ብብቷ ቱቦው ውስጥ ከትታ አንድ ነገር ስትመዝዝ ውሃው እንደ በሬ አገሳና ነጎደ። ገፍትሮ ጣላት። ስትነሳ አንገቷ ድረስ ጭቃ ሆና ትስቅ ነበር።

«ፖቴ! አየኸው? አገሳ እኮ!»

ቅልጥሟ ላይ ቆርቆሮ ጭሯት ነበር። ትንሽ ጭረት ናት፤ ማንም ከቁም ነገር አልጣፋትም።

ሳምንት ሳይቆይ ትኩሳቱ መጣ። ዐይኗ እንደ እርድ ቢጫ ሆነ። ሐኪሙ «የአይጥ ሽንት የገባበት ውሃ ነው» አለ፤ ኩላሊቷ ቀድሞ ተዳክሟል። ቫርኪ ሊጠይቃት ሲመጣ ወይን በፌስታል ይዞ ነበር። ዐይኗን ገልጣ አየችውና፣ «ወይኑን ተወው፣ ፌስታሉን ይዘህ ውጣ» አለችው። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል ሳይወጣት ሞተች።

ከሰባቱ ቀን ቀደም ብሎ፣ ረፋድ ላይ፣ ኮቹራኒ በጓሮ በር መጣች። ሊሲ ወንበር ብታቀርብላት አልቀመጥም አለች።

«መሬቱን ሰጡ አሉ» አለችው ፖተንን።

«ማን አለሽ?»

«መኪናው ነዋ። ቀይ አፈር እያራገፈ ነው።»

«እኔ ላስብበት ነው ያልኩት።»

«እንግዲያው አፈሩ ቀድሞዎት አስቧል ቼታ።»

ፖተን ጫማውን አጠለቀ። ተያይዘው ሄዱ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አንድ የጭነት መኪና ቂጡን ወደ ቦዩ አዙሮ ቆሟል፤ ቀዩ አፈር ውሃው ውስጥ ገብቶ እንደ ቁስል ደም ይፈሳል። ከአፈሩ ሥር ሌላ ነገር አለ። ፖተን ቀረብ አለ። የለቅሶው የፎም ሳህን ነው። ከሳህኑ መሀል ደግሞ የፕላስቲክ አበባ፣ ወይን ጠጅ፣ ነጭ፣ ሮዝ፤ የኤሊስዋ መቃብር ላይ የተቀመጡት ጉንጉኖች። አንደኛው ላይ ጥብጣቡ አልተፈታም፤ ጭቃ ውስጥ ተዘቅዝቆ «ለውድ ቲቸራችን፣ ከሰበካ ጉባኤ» ይላል።

ፖተን ሲያፈጥበት ሾፌሩ ደነገጠ። «እኔ ምን አውቃለሁ አባቴ፣ የታዘዝኩትን ነው። ‹መቃብሩ ላይ ያለውን ቆሻሻ ጠርገህ ከሥር፣ አፈሩን ከላይ› ብለውኛል።»

ቆሻሻ።

ፖተን አንድ እጁን መኪናው ላይ አሳርፎ አስመለሰ። ሆዱ ውስጥ ከጥቁር ቡና በቀር ስላልነበረ ጥቁር ቡና ወጣ፣ ቀጥሎ ሐሞት። ኮቹራኒ ግንባሩን ደግፋ ያዘችው።

«ይውጣልዎት» አለች። «እኔም ጠዋት አስመልሼ ነው ወደ እርስዎ የመጣሁት።»

ማታ እራት ላይ ለሊሲ ነገራት። ፊቷ ጠቆረ። «አፓ፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ ሊያከብሯት ነው፤ እሱንም አንተ ልትከለክላት? ለአንድ ግም ቦይ?»

«ሄደሽ እይው፣ ሞሌ፣ ልጄ።»

«አላይም» ብላ ተነስታ ገባች።

በሰባቱ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ። ወጣቱ ቄስ አባ ሻጂ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ችግራቸው የሚፈሩት ሰው መብዛቱ ነው። ከቅዳሴው በኋላ ቫርኪ ከፊት ወንበር ራሱን ሲነቀንቅላቸው፣ «አቶ ፖተን በቤተሰቡ ስም የሚያሰሙን የምሥራች አለ» አሉ።

ፖተን ከመቅደሱ ደረጃ ሥር ቆመ። ሰዉን አየ። ሁሉንም በጀልባው አመላልሷቸዋል።

«የምሥራች የለኝም» አለ። ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ከኋላ ያሉት አንገታቸውን አሰገጉ። «መናገር የእሷ ነበር፤ እኔ አልችልበትም። ሚስቴን የገደላት የእኛ ትራፊ ነው። በልተን የጣልነው ቱቦውን ደፈነ፤ ስትከፍት ሞተች። ይሄን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ቤቴ መጥታችሁ ስታለቅሱ ታውቁ ነበር። ከመቃብሯ ላይ ያስቀመጣችሁትን አበባ ሳምንት ሳይሞላው አንስታችሁ ቦዩ ውስጥ ቀበራችሁት። ሂዱና እዩት፣ ከዚህ ጀርባ ነው ያለው።»

ጉምጉምታ ተነሳ። ቫርኪ ብድግ አለ። «ወገኖቼ፣ ሐዘን ነው የሚያናግረው፤ እንረዳለን። ቼታ፣ ና ቁጭ በል…»

«ዛሬ ላስብበት አላልኩህም ቫርኪ። መሬቱን አልሰጥም። ስሟን እዚያ ላይ ብትጽፉት ራሴ መጥቼ እፍቀዋለሁ።» «እውነቱን ልንገራችሁ? ቀፈፋችሁኝ። ፊታችሁን ሳይ ምግብ አልወርድ አለኝ።»

ከሴቶቹ ወገን አንዷ «ኢየሱስ!» አለች።

«የሰባቱ ምሳ ቤት ተሠርቷል። ግን አሁን አይበላም። አፈሩንና ግማቱን ከቦዩ አውጥተን ስንጨርስ ይበላል። መብላት ብቻ የሚፈልግ ወደየቤቱ ይሂድልኝ።»

በመሀል መንገዱ አልፎ ወጣ። ማንም አልተከተለውም። ኮቹራኒ ብቻ ከኋለኛው አግዳሚ ተነሳች፤ የግድቡ ዳር ሰዎች ተከተሏት። አባ ሻጂ ልብሰ ተክህኖአቸውን እንደለበሱ ቫርኪን አዩ፣ በሩን አዩ። ፊታቸው ቀላ።

«ቦቲ ጫማ ያለው ማን ነው?» አሉ። «ቁጥር አርባ ሁለት።»

አብዛኛው ሰው ወደ ቤቱ ሄደ፤ እሑድ ነው፣ ሥጋ ወጥ ይጠብቀዋል። የሄዱት ሁሉ ክፉ አልነበሩም፤ ንጹሕ ልብስ የለበሱ ነበሩ። የቀሩት በጣት ይቆጠራሉ፤ ከእነሱ መሀል ያቺ ሳህኗን ከወንበር ሥር የደበቀች ሴትዮ ነበረች። ለምን እንደቀረች አልተናገረችም፤ ሳሪዋን አፍንጫዋ ላይ አስራ ያለ ማቋረጥ ትነጫነጭ ነበር።

ኮቹራኒ ውሃው ዳር ቆማ ከጤና ጣቢያ ያመጣችውን ኪኒን ታድላለች። «ሳትውጡ ማንም አይገባም! ጭረት ያለበትም አይገባም! አባ፣ እርስዎም ይዋጡ፤ አንድ ቀብር ይበቃናል።» አባ ሻጂ ዋጡ። ገብተው አንድ ፌስታል ቢያነሱ ፌስታሉ ፈነዳባቸውና ለማስመለስ የመጀመሪያው እሳቸው ሆኑ። አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ማስመለስ የሚያሳፍር ነገር መሆኑ ቀረ።

ሾፌሩ ያራገፈውን አፈር መልሶ እንዲጭን ተደረገ። ቫርኪ መንገዱ ላይ ቆሞ ስልክ ሲያወራ ቆየና መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሊሲ መጣች። የነርስ ጓንቷን አድርጋለች። አባቷን አላነጋገረችውም። ቦዩ ዳር ጎንበስ ብላ ከጭቃው አንድ ጉንጉን መዘዘች፣ ጥብጣቡን በአውራ ጣቷ ጠረገች፣ አነበበች። ዳሩ ላይ ቁጭ አለች። ሲበቃት ጉንጉኑን ጆንያ ውስጥ ከታ ቀጣዩን ለማንሳት ወረደች።

ውሃው በዚያን ቀን አላገሳም። በዝግታ፣ እንደማይፈልግ ሰው፣ ከግድቡ ዳር እየራቀ መሄድ ጀመረ። ሽታው ግን የሁሉም ጸጉር ውስጥ ገብቷል። ምሳው በራት ሰዓት ተበላ። አባ ሻጂ የቁምሳጥኑን ጓጉንቸር በመዶሻ ሰብረው የብረት ሳህኖቹን አወጡ፤ የበላ ሁሉ የበላበትን አጠበ፤ ነጭናጫዋ ሴትዮ የአባን ሳህን «ዘይት አለበት» ብላ መለሰችባቸው።

ጉባኤው አዳራሹን «ለጊዜው» እንደተወው ቆይቶ ተሰማ። ለጊዜው ማለት እስከ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ቫርኪ ፖተንን ሲያይ መንገድ ያቋርጣል። ሰላምታ የነፈጉት ሌሎችም አሉ። ፖተን ይሄ ቀለለው እንጂ አልከበደውም።

ቦዩ በተጠረገበት በዚያ ቀን ሰው ሁሉ ሲበተን ፖተን ሽርጡን እንደሰበሰበ ቀጥ ብሎ ሳሎን ገባ። መሀል ወለሉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከኋላው ከደጃፉ ጀምሮ የጭቃ እግሩ ተከትሎታል። ዕድሜ ልኩን ከጀልባ ወርዶ እንዲህ በገባ ቁጥር ከጓዳ የሚመጣ የኤሊስዋ ጩኸት ነበር።

ቆሞ ጠበቀ።

«አፓ፣ ምነው?» አለች ሊሲ ከበሩ።

የመጣበትን ዱካ እየረገጠ ወጣ። ደጃፉ ላይ ካለው ባልዲ ውሃ ቀዳ፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ እግሩን በጣቶቹ መሀል ሳይቀር አንድ በአንድ አጠበ።